ዝርዘራና ብተና፦ የብርሃን ምት ጉዞ ጥናት ታሪክና የአማርኛ ስያሜው ጥያቄ

መግቢያ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ በጉለሌ ሁለት ዐይነት ክር ያያል። አንደኛው ሸማኔው ወጥሮ የሚሠራበት ድር ነው። ሁለተኛው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋውና ሕዝቡ «ፋይበር» የሚለው፣ በውስጡ ብርሃን የሚመላለስበት የብርጭቆ ክር ነው። የፊተኛው በብዙ ትውልድ አፍ የተፈተነ የቃላት ሀብት አለው፤ ባዘቶ፣ ፈትል፣ ልቃቂት፣ ቀሰም፣ ድር፣ ማግ፣ መወርወሪያ፣ ጥለት እየተባለ ይዘረዘራል። የኋለኛው ግን በየቤቱ ቢገባም በውስጡ የሚሆነው ነገር ገና የአማርኛ ስም በቅጡ አላገኘም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አጭር የብርሃን ምት ብርሃን በሚያስተላልፍ ቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳው ትምህርት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰና ተርጓሚው በዚህ መንገድ ላይ የሚገጥመው ችግር ምን እንደሆነ ነው። ዋናው አሳባችን አጭር ነው። የዚህ ትምህርት ታሪክ ተደባልቀው ይታዩ የነበሩ ነገሮችን አንድ በአንድ የመለየት ታሪክ ነው። ሊቃውንቱ በብዙ ድካም የለዩትን ተርጓሚው በአንድ ግሥ መልሶ ቢደባልቀው ትርጉሙ ከመጉደል አልፎ ሐሰት ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል «ምቱ በክሩ ውስጥ ሲጓዝ ይበተናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ለጆሮ የሚጎረብጥ ነገር የለውም፤ ሰዋስውም አይነቅፈውም። ነገር ግን አንባቢው ከሁለት ነገሮች የትኛውን እንደሚረዳ አይታወቅም። ብርሃኑ ወደ ጎን እየወጣ ጠፋ ማለት ነው? ወይስ ብርሃኑ ሳይጎድል ምቱ ብቻ ረዘመና ሳሳ ማለት ነው? የፊተኛው ጉዳት በማጉያ ይታከማል፤ የኋለኛውን ግን ማጉያ ፈጽሞ አያድነውም። ስለዚህ ጥያቄው የቃላት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአሠራር ጥያቄም ነው።

ከስልክ እስከ ፋይበር

ባዕድ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ቋንቋችን ያደረገውን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ድምፅን ከሩቅ የሚያመጣው መሣሪያ ሲገባ ሕዝቡ «ስልክ» አለው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ «ክር፣ ሽቦ» ማለት ነው። ነገሩ የተሰየመው በሚታየው አካሉ፣ ማለትም በተዘረጋው ሽቦ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ በሚሰጠው ጥቅም «መብራት» ተባለ፤ ዛሬም ምድጃው ሲጠፋ «መብራት ሄደ» እንላለን። ለዐይን መሣሪያ ከግእዙ «ነጸረ» የወጣው «መነጽር» ተገኘ፤ ከእርሱም «አጉሊ መነጽር» ተወለደ።

እነዚህ ሦስት ስያሜዎች ሦስት መንገዶችን ያሳዩናል። አንዱ ቃል ተውሶ ማልመድ ነው፤ ሁለተኛው የአገሩን ቃል ለአዲስ ነገር ማስፋት ነው፤ ሦስተኛው ከግእዝ ሥር ማርባት ነው። ሦስቱም ተሳክተዋል። ስለዚህ «ሁሉን ከግእዝ» የሚለውም ሆነ «ሁሉን እንዳለ እንዋስ» የሚለው ክርክር በቋንቋው ታሪክ የተደገፈ አይደለም።

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ሲቋቋም፣ ከአብዮቱም በኋላ ተቋሙ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን ሁሉ እንዲመለከት ሲደረግ፣ የሳይንስ ቃላት ሥራ ከዐበይት ተግባሮቹ አንዱ ሆነ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ለኅትመት የበቃው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። በዚያው ዘመን የፖለቲካው መድረክ ከ«ወዝ»ና ከ«አደር» «ወዛደር»ን፣ ከግእዝም «ርዕዮተ ዓለም»ን አውጥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሕዝብ አፍ አስገብቷል። የፊዚክስ ቃል ግን በአዋጅና በስብሰባ አይለመድም፤ የሚለመደው በመማሪያ መጽሐፍና በሠራተኛው አፍ ነው። የብርጭቆው ክር በአገራችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሲስፋፋ ሠራተኛው ፈጥኖ «ፋይበር» አለ፤ ይህን ቃል ማስጣልም አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው በፋይበሩ ውስጥ የሚሆነውን መሰየም ነው።

ስለ «ምት»

መጀመሪያ የሚጓዘውን ነገር እንሰይም። በክሩ አንድ ጫፍ የሌዘር ብርሃን እጅግ ለአጭር ጊዜ በርቶ ይጠፋል። በተለመደው የመልእክት አላላክ ብርሃኑ ካለ «አንድ»፣ ከሌለ «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል። ይህም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ዐሥር ቢሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ ይደረጋል። ለዚህ የአንድ ጊዜ ብርሃን ሦስት ቃላት ይቀርባሉ፦ ብልጭታ፣ ትርታ፣ ምት።

«ብልጭታ» ከመብረቅና ከዐይን ጋር የተያያዘ ነው። ክሩ የሚያስተላልፈው ብርሃን ግን በአብዛኛው ለዐይን የማይታይ ስለሆነ ያሳስታል። «ትርታ» የልብን ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ያስባል፤ ነጠላውን ለይቶ ለመቁጠር አይመችም። «ምት» ግን «መታ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ መነሻና መድረሻ ያለው፣ የሚቆጠር ነገር ነው። የልብ ምት፣ የከበሮ ምት፣ የቅጣት ምት እንላለን። የአውሮፓውያኑም ቃል ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ መምታትና መግፋት ነበር። ስለዚህ ነጠላውን «ምት»፣ ተከታትሎ የሚመጣውን «ተከታታይ ምት» ማለት በቂ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለቱ «ይበተናል»ዎች

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1672 ባሳተመው ጽሑፍ ነጭ ብርሃን በሦስት ማዕዘን ብርጭቆ ሲያልፍ ወደ ኅብረ ቀለም እንደሚለያይ አስረዳ። ቀስተ ደመናን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ብርጭቆው ቀለምን እንደማይፈጥር፣ ነገር ግን በነጩ ብርሃን ውስጥ ያሉትን እንደሚለያይ ማሳየቱ ነበር። ሁለት ምዕተ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ ጀርመናዊው ዜልማየር የብርጭቆ ብርሃን ሰባሪነት ከሞገዱ ርዝመት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በዚያው ዓመት፣ በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ጆን ስትረት፣ ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ሲያስረዳ ብርሃን ከጥቃቅን ነገሮች ጋር ተጋጭቶ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ እንደሚሄድና አጭር ሞገድ ያለው ብርሃን ከረጅሙ ይልቅ እንዲህ እንደሚሆን አሳየ።

እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዓመት የተጻፉ ሥራዎች የሚናገሩት ስለ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ነው። በሬይሊ ነገር ብርሃኑ ከመንገዱ ይወጣል፤ ወጥቶም ወደ ተላከበት አይደርስም። በዜልማየር ነገር ግን ከመንገድ የሚወጣ ብርሃን የለም። ምት በእውነቱ የብዙ ቀለሞች ጥርቅም ስለሆነና እያንዳንዱ ቀለም በብርጭቆ ውስጥ የራሱ ፍጥነት ስላለው፣ አብረው የተነሡት አንዱ እየቀደመ አንዱ እየዘገየ ይደርሳሉ። ምቱ ይረዝማል፣ ይሳሳል፤ ብርሃኑ ግን በዚህ ምክንያት አይጎድልም።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የፋይበር ታሪክ ያሳያል። ቻርልስ ካውና ጆርጅ ሆክሃም እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ አገር ባሳተሙት ጥናት፣ በዘመኑ በነበረው ብርጭቆ ውስጥ ብርሃን ፈጥኖ የሚጠፋው በአብዛኛው ከጉድፉ የተነሣ እንጂ ከብርጭቆው ባሕርይ እንዳልሆነ አስረዱ። ለመገናኛ ሥራ እንዲበቃም በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ቢያንስ ከመቶ አንድ እጁ መትረፍ እንዳለበት ገመቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ግብ አለፉ። ዛሬ በተለመደው ክር፣ በ1.55 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት፣ በየኪሎ ሜትሩ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ይተርፋል። ከሚጠፋው ውስጥ ትልቁ ክፍል በሬይሊ መንገድ የሚወጣው ነው። ካው በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

መጥፋቱ ሲቀንስ ግን ሌላው ችግር ገነነ። በዚሁ በ1.55 ማይክሮሜትር ላይ፣ የቀለም ስፋቱ 0.1 ናኖሜትር የሆነ ምት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 170 ፒኮሴኮንድ ያህል ይረዝማል። በሴኮንድ ዐሥር ቢሊዮን ምት በሚላክበት መሥመር ለአንዱ ምት የተመደበው ጊዜ 100 ፒኮሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ምት በጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል፤ አንባቢው መሣሪያም «አንድ»ን ከ«ዜሮ» መለየት ይሳነዋል። እዚህ ላይ ማጉያ ቢጨመር የተደባለቀውን እንደተደባለቀ ያጎላዋል እንጂ አይለየውም። መድኃኒቱ ተቃራኒ ጠባይ ያለው ክር መቀጠል ወይም ሌላ ማካካሻ ማበጀት ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም «መበተን» ብንላቸው ምን እንደምናጠፋ ግልጽ ነው። የእኛ አሳብ «ብተና» ለሬይሊ ነገር ብቻ እንዲቀር ነው። ገበሬው ዘር ሲበትን ከእጁ የወጣው አይመለስም፤ ስብሰባ ሲበተንም ሰው በየፊናው ይሄዳል። ቃሉ በአቅጣጫ መለያየትንና ከእጅ መውጣትን በሚገባ ይዟል።

ለሁለተኛው ነገር የምናቀርበው «ዝርዘራ» የሚለውን ነው። «ዘረዘረ» በገበያም በሽመናም ሕያው ቃል ነው። መቶ ብር የዘረዘረ ሰው በእጁ ብዙ ኖት ይይዛል፤ ድምሩ ግን ያው መቶ ብር ነው። ሸማው ጠበቅ ብሎ ያልተሠራ እንደሆነም «ዘርዛራ» ይባላል፤ ክሩ አልጎደለም፣ ነገር ግን ተራርቋል። የሚፈለገው ትርጉም ይኸው ነው፤ ሳይጎድል መራራቅ። ሽሮ ሜዳ ላይ የነጠላ ጥራት ሲመረመር የሚነገረው ቃል በፋይበሩ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ከማናቸውም አዲስ ውልድ ቃል ይበልጥ ይስማማል። ለኒውተን ብርጭቆም ያገለግላል፤ በዚያ ቀለሞቹ በማዕዘን ይዘረዘራሉ፣ በክሩ ውስጥ ግን በጊዜ ይዘረዘራሉ።

ከጉዞው ጋር ብርሃኑ በጠቅላላው እየቀነሰ መሄዱን «መመንመን» ብንለው፣ ብተናም ሆነ በቁሱ መመጠጥ የመመንመን ምክንያቶች ይሆናሉ፤ ዝርዘራ ግን ከዚህ ውጭ ይቆማል።

ስለ «ኢመስመራዊ»

እስካሁን የተናገርነው ብርጭቆው ብርሃኑን እንደሚነካ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኬር እ.ኤ.አ. በ1875 የኤሌክትሪክ ኃይል የብርጭቆን ብርሃን ሰባሪነት እንደሚለውጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ካበራ በኋላ ደግሞ ብርቱ ብርሃን ራሱ ይህን ለውጥ እንደሚያመጣ ታወቀ። ለውጡ እጅግ ኢምንት ቢሆንም፣ የክሩ እምብርት ወርዱ ዘጠኝ ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ስለሆነና ጉዞው ረጅም ስለሆነ ተጠራቅሞ ይታያል።

ለዚህ ጠባይ በሒሳብ መጻሕፍት ከለመድነው «መስመራዊ» ተነሥቶ «ኢመስመራዊ» የሚለው ቃል ይሰጣል። ቃሉን እንቀበላለን፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላቱ ሊያብራራው ይገባል። አማርኛ አንባቢ «መስመር» ሲል የሚያስበው የመንገድን ወይም የጽሑፍን መስመር ስለሆነ ብርሃኑ ጎብጦ የሄደ ሊመስለው ይችላል። የሚባለው ግን ውጤቱ ከምክንያቱ ጋር በልክ አይመጣጠንም፣ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን የሚከተለው ነገር እጥፍ ሆኖ አይቀርም ነው።

ስለ ብቸኛው ሞገድ

እ.ኤ.አ. በ1834 መሐንዲሱ ጆን ስኮት ራስል በኤዲንብራ አጠገብ በሚገኝ የጀልባ ቦይ ዳር ሳለ፣ አንዲት ጀልባ ድንገት ስትቆም ከፊቷ የተነሣው የውሃ ጉብታ መልኩን ሳይለውጥ ብቻውን ሲገሠግሥ አየ፤ በፈረስ ተከትሎም ከአንድ ማይል በላይ አጀበው። በዘመኑ ብዙዎች ለነገሩ ትኩረት አልሰጡትም። ነገሩ ጊዜውን ጠብቆ እ.ኤ.አ. በ1965 ዛቡስኪና ክሩስካል በኮምፒዩተር ሲያሰሉ እንዲህ ያሉ ሞገዶች ተላልፈው ሲያበቁ መልካቸውን እንደያዙ እንደሚወጡ አገኙና «ሶሊቶን» ብለው ሰየሙት።

ሃሴጋዋና ታፐርት እ.ኤ.አ. በ1973 ይህ ነገር በብርጭቆ ክር ውስጥም እንደሚሆን ተነበዩ። አሳባቸው ዝርዘራንና የኬርን ጠባይ እርስ በርስ ማጋጠም ነው። የኬር ጠባይ የምቱን ፊት ወደ ቀይ፣ ጀርባውን ወደ ሰማያዊ ያደላዋል። ከ1.3 ማይክሮሜትር በላይ ባለው ብርሃን ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላው ይፈጥናል። ስለዚህ ኋለኛው ፊተኛውን ይደርስበትና ምቱ ሊረዝም ሲል ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞለናወር፣ ስቶለንና ጎርደን በቤል ላቦራቶሪ ይህን በሙከራ አሳዩ። ልብ እንበል፤ ሁለቱ ጠባዮች ሊካካሱ የቻሉት ዝርዘራ ምንም ስለማያጠፋ ነው። ብተና ያወጣውን ብርሃን ኬር መልሶ ሊሰበስበው አይችልም። በአንድ ቃል የተተረጎመ መጽሐፍ ይህን አንቀጽ ለአንባቢው ተአምር ያደርግበታል።

ለስሙ «ባሕታዊ ሞገድ» የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል፤ ከግእዝ «ባሕቲት» ጋር ዝምድና ስላለው ማራኪ ነው። ነገር ግን ቃሉ በሃይማኖት ትርጉም የተያዘ ስለሆነ ፊዚክሱን ይጋርደዋል። ስለዚህ የራስልን «ብቸኛ ሞገድ»፣ ተላልፎ መልኩን የማይለውጠውን ልዩ ዐይነት ደግሞ ዓለም እንደሚለው «ሶሊቶን» እንበለው።

ከ«ማስመሰል» ወደ «ምስለ ጉዞ»

መመንመን፣ ዝርዘራና የኬር ጠባይ በአንድነት የሚጻፉበት እኩልዮሽ አለ፤ በኳንተም ፊዚክስ ከሚታወቀው ከሽሮዲንገር እኩልዮሽ ጋር ስለሚመሳሰል ኢመስመራዊ የሽሮዲንገር እኩልዮሽ ይባላል። ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር በወረቀት ብቻ አይፈታም። ሃርዲንና ታፐርት እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት የአሰላል ዘዴ ጉዞውን በጣም አጫጭር እርምጃዎች ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ መጀመሪያ ዝርዘራ ብቻውን፣ ቀጥሎ የኬር ጠባይ ብቻውን ይሰላል፤ እንደገና ዝርዘራ፣ እንደገና ኬር። ሸማኔውም እንዲሁ ነው፤ በእግሩ ረግጦ ድሩን ይከፍታል፣ ከዚያ መወርወሪያውን ይሰድዳል፤ ሁለቱን በአንድ ቅጽበት አያደርግም፣ ጨርቁ ግን አንድ ሆኖ ይወጣል። እርምጃው ሲያጥር የስሌቱ ስሕተት ይቀንሳል።

ለእኩልዮሹ «ሞዴል» የሚለው ቃል ተለምዷል፤ ይኑር። ችግሩ የሚመጣው በኮምፒዩተር ለሚደረገው የጉዞ ስሌት ነው። «ማስመሰል» ከተባለ «አስመሳይ» ይከተላል፤ አስመሳይ ደግሞ በአማርኛ የሰው ስድብ ነው። «አርአያ» በምግባር ተይዟል፤ «ምሳሌ» ለተረትና ለማስረጃ ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ ቋንቋው ሌላ በር አለው። በቀድሞው አስተዳደር የሹሙ ወኪል «ምስለኔ» ይባል ነበር፤ እኔን መስሎ፣ በእኔ ፈንታ የሚቆም ማለት ነው። እዚህ ያለው መምሰል ማታለል ሳይሆን ውክልና ነው። በዚህ መንገድ በኮምፒዩተር የሚሰላውን የምት ጉዞ «ምስለ ጉዞ» ብንለው የእውነተኛው ጉዞ ወኪል መሆኑን ይናገራል። ምስለኔም ሹሙን እንደማይተካው ሁሉ ምስለ ጉዞም ሙከራን እንደማይተካ ቃሉ ራሱ ያስታውሰናል።

ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ምት፦ ለአጭር ጊዜ በርቶ የሚጠፋ፣ የሚቆጠር ብርሃን።
ለ) ብተና፦ ብርሃን ከጥቃቅን ነገሮች ጋር ተጋጭቶ በየአቅጣጫው ከመንገዱ መውጣቱ።
ሐ) ዝርዘራ፦ የምቱ ቀለሞች በፍጥነት ስለሚለያዩ፣ ብርሃኑ ሳይጎድል ምቱ መርዘሙ።
መ) መመንመን፦ በብተናም ሆነ በመመጠጥ ብርሃኑ በጉዞ መቀነሱ።
ሠ) ኢመስመራዊ፦ ውጤቱ ከምክንያቱ ጋር በልክ የማይመጣጠን።
ረ) ብቸኛ ሞገድና ሶሊቶን፦ የፊተኛው ለጠቅላላው፣ የኋለኛው ለልዩው።
ሰ) ምስለ ጉዞ፦ በስሌት የሚሠራ የጉዞ ውክልና።

ከእነዚህ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢሻሻል ቅር አይለንም። «ብተና»ና «ዝርዘራ» ግን ተለይተው እንዲኖሩ አጥብቀን እናሳስባለን። አንባብያን የተሻለ ቃል ካላቸው ያቅርቡ፤ ሁለቱን የሚለይ እስከሆነ ድረስ እንቀበለዋለን። ሁለቱን የሚያቀላቅለውን ቃል ግን፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በመዝገበ ቃላት ልናስገባው አይገባም። ቃላቱን ለመፈተንም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአንድ በኩል ፊዚክስ አስተማሪውንና የፋይበር ሠራተኛውን፣ በሌላ በኩል «ዘርዛራ» የሚለውን ከእኛ ይልቅ አጣርቶ የሚያውቀውን የሽሮ ሜዳን ሸማኔ መጠየቅ ይበቃል።